አጥፍቶ ማስነሣት ጥገና አይደለም

መብራት ሌሊት ጠፍቶ ንጋት ላይ በተመለሰ ጊዜ በብዙ የንግድ ቤቶች የሚታየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ በሰዓቷ ገብታ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች፤ የዕቃው ዝርዝርና የሒሳቡ መዝገብ የሚገኝበት ሰርቨር ግን «አልተገኘም» የሚል ቃል ብቻ ይመልስላታል። ሰርቨሩ ወዳለበት ክፍል የሄደ ሰው መብራቱ እንደበራ፣ ማራገቢያው እንደሚዞር፣ የተሰበረም ነገር እንደሌለ ይመለከታል። ደንበኞች ይሰለፋሉ፤ ዕቃ ሊጭን የመጣው ሾፌር ሰነዱን ይጠይቃል። ባለሙያ በስልክ ይጠራል፤ እርሱም ገና በመንገድ ሳለ «አጥፍታችሁ አስነሡት» ይላል። ይጠፋል፤ ይነሣል፤ ይሠራል። ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል እንጂ ምን እንደነበረ የሚጠይቅ የለም። መብራት እንደገና በጠፋ ጊዜም ያው ነገር ተመልሶ ይመጣል።

እንዲህ ያለው ችግር ከመብራት መጥፋት ጋር አብሮ የሚመጣ መቅሠፍት ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ነጋዴው ምክንያቱን መርምሮ ለማወቅ እምብዛም አይደክምም። ነገር ግን በእንዲህ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ዕቃ የለም፤ የጠፋው አድራሻ ነው። አድራሻ ደግሞ የነጋዴ ጉዳይ ነው። አድራሻው የተሳሳተ ጭነት የት እንደሚወድቅ፣ ቁጥሩ የተዛባ ሰነድም ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል ከአስመጪና ከላኪ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሰርቨር አድራሻ ለባለሙያው ብቻ የሚተው ምሥጢር ሳይሆን፣ እንደ ቁልፍና እንደ ማኅተም ሁሉ በንግድ ቤቱ መዝገብ ተጽፎ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የዛሬው ሰርቨር እንዴት እንደተከፋፈለ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ ለአንድ ሥራ አንድ ማሽን ይገዛ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ብርቱ ማሽን እንደ ሰፊ መጋዘን በግድግዳ ተከፋፍሎ፣ በአንደኛው ክፍል ሒሳቡ፣ በሁለተኛው የዕቃው መዝገብ፣ በሦስተኛው የደብዳቤው አገልግሎት ይቀመጣል። አንዱ ክፍል ቢበላሽ ወይም ሌባ ቢገባበት ሌላው እንዳይነካ እያንዳንዱ የተከለለ ነው። ይህም አከላለል ልዩ ልዩ ስም አለው። ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ራሱን እንደ ቻለ ኮምፒውተር የሚቆጠር ክፍል ነው። ፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ. የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በወጣው በ4.0 እትሙ «ጄል» ማለትም «እስር ቤት» የሚል ስም የተሰጠውን አከላለል አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዶከር የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ ቀርቦ «ኮንቴይነር» የተባለውን ክፍል በዓለም ላይ አስፋፋ። ይህ ስም አስመጪዎች ከጂቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ከሚያውቁት የብረት ሣጥን የተወሰደ ነው፤ በውስጡ ያለው ዕቃ ምንም ይሁን ምን፣ ሣጥኑ በማናቸውም መርከብና በማናቸውም መኪና ላይ እንዲጫን ሆኖ እንደተሠራ ሁሉ፣ ይህም ክፍል በማናቸውም ሰርቨር ላይ እንዲነሣ ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

መከለሉ መልካም ነው፤ የንግድ ቤቱንም ንብረት ይጠብቃል። ነገር ግን ግድግዳ በበዛ ቁጥር በር ይበዛል፤ በር በበዛ ቁጥርም የበር ቁጥር ያስፈልጋል። ቀድሞ አንድ አድራሻ ይበቃው የነበረ ቤት ዛሬ አምስትና ስድስት ይፈልጋል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አይ.ፒ. አድራሻ የሚባለው በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ዛሬም የሚሠራበት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ነው። አገልግሎቱ ከፖስታ ሣጥን ቁጥር ጋር ይመሳሰላል፤ ቁጥሩ ከታወቀ ደብዳቤው ይደርሳል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ቁጥር ከያዙ ደብዳቤው ለየትኛው እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ቁጥር የሌለው ሰው ግን በቤቱ ተቀምጦ ሳለ እንደሌለ ይቆጠራል።

አንድ ክፍል አድራሻውን የሚያገኘው ከሁለት መንገድ በአንዱ ነው። አንደኛው መንገድ ባለሙያው ቁጥሩን በእጁ ጽፎ የሚያጸናው ቋሚ አድራሻ ነው። ሁለተኛው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ወጥቶ በ1997 ዓ.ም. የተሻሻለው፣ ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የተባለው የዕደላ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት አዲስ የተነሣው ማሽን አድራሻ የለውምና በግቢው ላለው ሁሉ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ይጣራል፤ አዳዩ «ይህ ቁጥር አለ» ይለዋል፤ ማሽኑ «እንግዲያውስ እርሱን ስጠኝ» ይላል፤ አዳዩም «እስከዚህ ሰዓት ድረስ ያንተ ነው» ብሎ ያጸናለታል። በትናንሽ ቤቶች አዳዩ ራውተሩ ራሱ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ውል ኪራይ እንጂ ርስት አለመሆኑ ነው።

ማሽኑ ተጣርቶ መልስ ቢያጣስ? እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ሊሰጥ ይችላል። ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን ይህን ያደርጋል። በዚህ ቁጥር ከግቢው ውጭ መሄድ አይቻልም፤ ትክክለኛ አድራሻ ከያዙት ጎረቤቶች ጋርም መነጋገር አይሆንም። ይህ ቁጥር በሰርቨሩ ላይ ሲታይ ትርጉሙ «ተጣራሁ፤ የመለሰልኝ የለም» ማለት ነው። ይህን አንድ ቁጥር ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ጸሐፊ ከግማሽ ቀን ሁከት ይድናል።

አድራሻው በጥንቃቄ እንዲያዝ የሚያስገድድ ሌላም ነገር አለ። የመርከብ ኮንቴይነር ቁጥር በ4 ፊደላትና በ7 አኃዞች የተሠራ ሲሆን፣ የመጨረሻው አኃዝ የቀሩት መመርመሪያ ነው፤ ጸሐፊ አንዱን አኃዝ ቢሳሳት ሒሳቡ በአብዛኛው ያጋልጠዋል። አይ.ፒ. አድራሻ ግን እንዲህ ያለ መመርመሪያ የለውም። 192.168.1.20 ሊባል በሚገባው ስፍራ 192.168.1.21 ቢጻፍ ሁለቱም እኩል ትክክለኛ ይመስላሉ። ስሕተቱን የሚያጋልጠው የሌላ ቤት በር መንኳኳቱ ወይም መልስ መታጣቱ ብቻ ነው። ራሱን የማይመረምር ቁጥር ደግሞ መዝገብ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ክፍሎቹ ሲነሡ አድራሻ የሚጠፋባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አራት ናቸው።

አንደኛው፣ ከመብራት መመለስ ጋር አብሮ የሚታየው፣ የመነሻ ተራ መፋለስ ነው። መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ፣ መስመሩን የሚያከፋፍለው ስዊችና ራውተሩ በአንድ ቅጽበት መነሣት ይጀምራሉ፤ ነገር ግን በአንድ ቅጽበት አይደርሱም። ኮንቴይነር የተባለው ክፍል በጥቂት ሴኮንዶች ሊቆም ሲችል፣ ራውተሩ ተነሥቶ አድራሻ ማደል እስኪጀምር ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል። ከዚህም በላይ ብዙ ስዊቾች መስመሩ ዞሮ በራሱ ላይ እንዳይጠላለፍ የሚመረምሩበት ደንብ አላቸው፤ በቀድሞው ደንብ መሠረት አንድ መስመር ሲሰካ ስዊቹ 15 ሴኮንድ ያዳምጣል፤ 15 ሴኮንድ ይማራል፤ በጠቅላላው ለ30 ሴኮንድ የማንንም መልእክት አያሳልፍም። ገመዱ ተሰክቷል፤ መብራቱም በርቷል፤ በሩ ግን ገና አልተከፈተም። በዚህ መካከል ክፍሉ አድራሻ ቢለምን ልመናው አዳዩ ዘንድ አይደርስም።

አድራሻው ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ ነገሩ በዚህ አያበቃም። በክፍሉ ውስጥ ያለው አገልግሎት አድራሻው ከመድረሱ በፊት ሥራ ለመጀመር ሞክሮ፣ የጠየቀውን አድራሻ ሊያገኝ አለመቻሉን በማስታወሻው ጽፎ ይቆማል። ከ10 ሴኮንድ በኋላ አድራሻው ይመጣል፤ የሞተውን አገልግሎት የሚቀሰቅሰው ግን የለም። በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች «የኔትወርኩ ሥራ ተጀመረ» እና «ኔትወርኩ ለአገልግሎት ደረሰ» የሚሉ ሁለት ልዩ ልዩ ደረጃዎች አሉ፤ አገልግሎቱ ሁለተኛውን መጠበቅ ሲገባው የመጀመሪያውን ብቻ ጠብቆ እንዲነሣ ከታዘዘ፣ አንድ ቀን ይሠራል፤ አንድ ቀን ይቆማል።

አጥፍቶ ማስነሣት ለምን እንደሚሠራ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ሁለተኛ ጊዜ የሚነሣው ሰርቨሩ ብቻውን ነው፤ ስዊቹና ራውተሩ ቀድመው ቆመው ይጠብቁታል። ፈውሱ ራሱ የበሽታውን ስም ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ግን የለም። ዊንዶውስ መልስ ባጣ ጊዜ በየ5 ደቂቃው ደግሞ ስለሚጣራ፣ አንዳንድ ጊዜ ባለሙያው በመንገድ ሳለ ነገሩ በራሱ ይቃናል፤ ያን ጊዜም «ምንም አልነበረም» ይባላል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ስዊቹና ራውተሩ ሰርቨሩ በተሰካበት የባትሪ መሣሪያ ላይ እንዲሰኩ ማድረግ፤ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው የስዊች በር ሳይዘገይ እንዲከፈት ማዘዝ፤ ክፍሎቹ በተራ፣ በመካከላቸውም ጥቂት ጊዜ እየተተወ እንዲነሡ መደንገግ፤ መዝገቡ የሚኖርበት ክፍል ከሒሳቡ ክፍል አስቀድሞ እንዲቆም ማድረግ ነው። ይህ ሁሉ አዲስ ማሽን ሳይገዛ የሚፈጸም ነው፤ ባትሪው ግን የሚጨመርበትን ጭነት መሸከሙ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ቁጥሩ ከተራው ጋር መለዋወጡ ነው። በዶከር፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ ክፍሎቹ የውስጥ አድራሻቸውን የሚያገኙት በተነሡበት ቅደም ተከተል ነው። ለመጀመሪያው 172.17.0.2፣ ለሚከተለው 172.17.0.3 ይደርሰዋል። ይህም በባንክ ደጃፍ ከሚሰጠው የወረፋ ቁጥር አይለይም፤ ትናንት አንደኛ የነበረ ሰው ዛሬ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። የሒሳቡ ፕሮግራም መዝገቡን በ172.17.0.2 እንዲፈልግ ተጽፎለት እንደ ሆነ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ በተነሣ ማግስት በዚያ ቁጥር የሚያገኘው የደብዳቤውን ክፍል ነው። ምልክቱም ሁሉም ክፍሎች ተነሥተው ሳለ እርስ በርሳቸው አለመግባባታቸው ነው። መድኃኒቱ ለክፍሎቹ የራሳቸው የሆነ መረብ መሥርቶ በቁጥር ሳይሆን በስም እንዲጠራሩ ማድረግ ነው። የወረፋ ቁጥሩ ቢለወጥ የሰውየው ስም አይለወጥምና።

ሦስተኛው ምክንያት አንድ ቁጥር ለሁለት መሰጠቱ ነው። ራውተሩ ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 ያሉትን ቁጥሮች እንዲያድል ታዝዞ ሳለ፣ ባለሙያው ሳያውቅ ለሒሳቡ ክፍል 192.168.1.120ን በቋሚነት ቢጽፍ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ በቆየበት ሰዓት ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለማተሚያ ማሽን ወይም ለእንግዳ ስልክ ሊሰጠው ይችላል። የሁለቱም ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ጥፋቱ ርስትና ኪራይ በአንድ መሬት ላይ መቀላቀላቸው ነው። ሌላም መንገድ አለው። ባለሙያ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል አንድ የተዘጋጀ ክፍል ገልብጦ ሁለተኛ ያበጃል፤ የግልባጩ መታወቂያ ካልተለወጠ፣ አዳዩ ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ ለሁለቱም አንድ አድራሻ ይሰጣል። ምልክቱ መሥራትና መቆም መፈራረቁ ነው። ጠዋት ሒሳቡን የሚከፍተው ቁጥር ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ሲከፍት ከታየ ነገሩ ይህ ነው። መድኃኒቱም የሰርቨሮቹን ቋሚ ቁጥሮች ከሚታደሉት ቁጥሮች ወሰን ውጭ ማድረግ፣ የተገለበጠውንም ክፍል ሥራ ከመጀመሩ በፊት አዲስ መታወቂያ መስጠት ነው።

አራተኛው ምክንያት የወሰን መደራረብ ነው። ለድርጅቶች የውስጥ አገልግሎት የተለዩት ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ማንም በግቢው ውስጥ ሊጠቀምባቸው ስለሚችል፣ ሁለት ግቢዎች በተገናኙ ጊዜ ይጋጫሉ። ዋናው ቢሮ በአዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ በአዳማ የሆነ የንግድ ቤት ይታሰብ። የቅርንጫፉ ኮምፒውተሮች በ172.17 የሚጀምር አድራሻ ቢኖራቸው፣ በዋናው ቢሮ ያለው ሰርቨርም ዶከር ሲጫንበት ያንኑ ወሰን ለክፍሎቹ ቢይዝ፣ ሰርቨሩ ከአዳማ ለመጣው ጥያቄ መልስ ሲጽፍ አድራሻው የራሱ ግቢ ይመስለዋል፤ መልሱም ከቤት ሳይወጣ ይቀራል። ምልክቱ ዋናው ቢሮ እየሠራ ቅርንጫፉ ብቻ መቸገሩ ነው። ብዙ ጊዜ በስልክ መስመሩ ይፈረዳል፤ መስመሩ ግን ንጹሕ ነው። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ግቢና ለክፍሎቹ የማይገናኝ ወሰን ማካፈል ነው፤ ይህንንም ቅርንጫፍ ከመከፈቱ በፊት ማሰብ ይሻላል።

ምክንያቶቹ እንዲህ ከታወቁ አመርማሪነቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ተራ መጠበቅን ብቻ ይጠይቃል። የጠፋ ጭነት የሚፈልግ ሰው ከተጫነበት ስፍራ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይከተላል እንጂ ከመጨረሻው መጋዘን አይነሣም። በሰርቨርም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያ የሚጠየቀው አስተናጋጁ ማሽን ራሱ አድራሻ አለው ወይ የሚለው ነው። ቀጥሎ የተከለለው ክፍል በዚህ ሰዓት የያዘው ቁጥር የትኛው ነው? ምንም የለውም፣ ወይስ በ169.254 የሚጀምር ነው፣ ወይስ በመዝገብ ከተጻፈው የተለየ ነው፣ ወይስ ትክክለኛው ነው? ሦስተኛ፣ ከክፍሉ ወደ ራውተሩ ፒንግ ቢደረግ መልስ ይመጣል? አራተኛ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ወደ ክፍሉ ቢደረግስ? አምስተኛ፣ በቁጥር ሲጠራ እየመለሰ በስም ሲጠራ ዝም ይላል? እንዲህ ከሆነ ችግሩ የስም መዝገቡ እንጂ አድራሻው አይደለም። በመጨረሻ፣ አገልግሎቱ ተነሥቷል? ከተነሣስ የሚያዳምጠው በየትኛው አድራሻ ነው? ምክንያቱም 127.0.0.1 የሚባለው አድራሻ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ብቻ የሚጠራበት ቁጥር ነው። አገልግሎቱ በዚህ ቁጥር ብቻ እንዲያዳምጥ ከታዘዘ፣ በክፍሉ ውስጥ ሆኖ የሚሞክረው ባለሙያ «ይሠራል» ይላል፤ በውጭ ያለችው ገንዘብ ተቀባይ «አይሠራም» ትላለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ይህ ሁሉ ጥያቄ የሚጠየቀው ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት ነው። ካጠፉት በኋላ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ሁከቱ ቢያስገድድ እንኳ፣ ሰርቨሩ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን አድራሻና የአገልግሎቱን የመጨረሻ ማስታወሻ በወረቀት መጻፍ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት 2 ደቂቃ አይፈጅም።

በዚህ ላይ ተቃውሞ አይጠፋም። አንዳንዱ ነጋዴ «ለባለሙያ የምከፍለው እኔ እንዳላስብ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ነጋዴ የስዊችን ደንብ ማጥናት አይጠበቅበትም። ነገር ግን ለሒሳብ ዐዋቂም እየከፈለ መዝገቡን ማየቱን አይተውም። ባለሙያው የሥራው ባለቤት ነው፤ አድራሻዎቹ ግን የቤቱ ንብረት ናቸው። ባለሙያው ሥራ በለወጠ ወይም በታመመ ቀን በእርሱ ራስ ውስጥ ብቻ የነበረው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል።

ባለሙያው በበኩሉ «ደንበኛው የሚፈልገው ቶሎ እንዲሠራለት ነው፤ ምክንያት ልፈልግ ብል ማን ይታገሠኛል?» ይላል። ይህም እውነትነት አለው፤ ጥፋቱም የባለሙያው ብቻ አይደለም። ሰልፍ ቆሞ ሳለ መርምር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ተመልሶ እንዲመረምር የሚጠይቀው፣ ለዚያም ሰዓት የሚከፍለው ነጋዴ ስንቱ ነው? ለማስነሣት ብቻ የሚከፍል ሰው የሚያገኘው ማስነሣትን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ግማሽ ቀን ቢቆም ምን ይጎዳል?» የሚል ነው። ባለሱቅ በእጁ ደረሰኝ እየጻፈ ቀኑን ሊያሳልፍ ይችል ይሆናል። ለላኪው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ይኸውም ዩ.ሲ.ፒ. 600 በሚባለው መሠረት፣ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር፣ የጭነት ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በኋላ በ21 ቀናት ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት፤ ከሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ማብቂያ ቀንም ማለፍ የለበትም። ሃያ አንደኛው ቀን ላይ የደረሰ የቡና ላኪ የዋጋ ደረሰኙና የክብደት ዝርዝሩ ያሉበት ክፍል አድራሻ አጥቶ ቢዘጋበት፣ ባንኩ የስዊቹን 30 ሴኮንድ እንደ ምክንያት አይቀበለውም። ለአስመጪውም በደረቅ ወደብ የሚቆጠረው የመጋዘን ኪራይ ሰርቨሩ እስኪነሣ ቆሞ አይጠብቅም።

ስለዚህ እያንዳንዱ የንግድ ቤት አራት ነገሮችን ቢያደርግ ይበጀዋል።

በመጀመሪያ የአድራሻ መዝገብ ይክፈት። አንድ ገጽ ይበቃል። የክፍሉ ስም፣ አድራሻው፣ ቋሚ ነው ወይስ የሚታደል፣ በስንተኛ ተራ እንደሚነሣ፣ ከእርሱ በፊት ማን መቆም እንዳለበት፣ መቼና በማን እንደተለወጠ ይጻፍበት። ይህ ገጽ በወረቀት መሆን አለበት፤ በሰርቨሩ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ የሰርቨር አድራሻ፣ ቁልፉ በውስጡ እንደተቆለፈበት ካዝና ነው። አንዱ ቅጅ በሰርቨሩ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሌላው ከቤቱ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። የምሥጢር ቃል ግን በዚህ ገጽ ላይ አይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ሰርቨሮቹና ክፍሎቻቸው ቋሚ አድራሻ ይኑራቸው፤ የሚታደለው ቁጥር ለስልኮችና ለእንግዶች ይሁን። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ ቁጥር እንዲያስቀምጥ ማዘዝም ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ክፍል ራውተሩ ካልተነሣ አድራሻ አያገኝም። መብራት በሚመላለስበት ቦታ የሒሳቡ ክፍል አድራሻውን ከማንም ሳይለምን ቢነሣ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ መነሣቱ በሰላም ቀን ይፈተን። ሱቅ በሚዘጋበት ዕለት፣ የመዝገቡ ቅጅ ከተወሰደ በኋላ፣ ሁሉም ማሽን በሥርዓት ይጥፋ፤ ከዚያም ኃይሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቅ። ማንም እጁን ሳያስገባ ሁሉም ነገር በስንት ደቂቃ እንደሚቆም በሰዓት ይለካ፤ የማይነሣውም ይጻፍ። በሚሠራበት ሰዓት ገመድ መንቀል ግን ፈተና ሳይሆን ጥፋት ነው፤ መዝገቡን ሊያበላሽ ይችላል።

አራተኛ፣ ከባለሙያው ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ለእያንዳንዱ ጥሪ ምክንያቱና የተወሰደው እርምጃ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጨመር። «ጠፍቶ ተነሣ» የሚል ቃል የተደረገውን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርምና እንደ ምክንያት አይቆጠር። ሁለት ጊዜ ያው ችግር ከተመለሰም፣ ምርመራው ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ይከፈልበት።

ነጋዴ በዘመናት ልምዱ ዕቃውን በቁጥር፣ ገንዘቡን በመዝገብ፣ ቃሉን በውል ሲጠብቅ ኖሯል። ዛሬ ዕቃውም ገንዘቡም ውሉም የሚጻፈው በሰርቨር ውስጥ ባሉ የተከለሉ ክፍሎች ነው። የእነዚህን ክፍሎች የበር ቁጥር ሳያውቁ ማደር፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ማን እንደያዘው ሳይጠይቁ ወደ ቤት እንደ መሄድ ነው። መብራት ዛሬ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል፤ ያ ገጽ ግን ከዚያ በፊት፣ ዛሬ ሱቁ ከመዘጋቱ አስቀድሞ ሊጻፍ ይችላል።